የአየር ንብረት ለውጥ ዕቅድ ለደሴና ለኮምቦልቻ ድርጅቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከትምህርት ቤቶች፣ ከክሊኒኮች፣ ከፋብሪካዎችና ከሆቴሎች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የአየር ንብረት ለውጥን መላመድ ለአንድ ድርጅት ምን ማለት ነው?

አየሩ ሲለወጥ ሥራችሁ እንዳይቆም ቀድሞ መዘጋጀት ማለት ነው። ክረምቱ ቢከብድ ግቢያችሁ የገባው ውሃ በየት ይወጣል? በልጉ ቢቀር የምትጠቀሙት ውሃ ከየት ይመጣል? ሙቀቱ ቢጨምር መድኃኒቱ፣ ማሽኑና ሠራተኛው ይችሉታል ወይ? እነዚህን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት ነው።

ወሎ ውስጥ የአየር ጠባይ መዘዝን ማስረዳት አያስፈልግም። የ1966ቱና የ1977ቱ ድርቅ ያልነካው ቤተሰብ ጥቂት ነው። አሁን የተጨመረው ነገር የለመድነው የአየር ጠባይ ራሱ አለመርጋቱ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ስለዚህ «እዚህ ግቢ ውሃ ገብቶ አያውቅም» የሚለው አባባል ስለ ትላንት እንጂ ስለ ነገ አይነግረንም።

ችግኝ በየዓመቱ እንተክላለን። አይበቃም?

ችግኙን ቀጥሉበት። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግን ብዙ መሥሪያ ቤት «የአየር ንብረት ሥራ» ሲባል ሐምሌ ላይ ወጥቶ ችግኝ መትከልን ብቻ ነው የሚያስበው። ዛፍ ካርቦን ስለሚመጥ የዓለምን ሙቀት ለመግታት ያግዛል። ይህ አንድ ሥራ ነው። የናንተን መጋዘን ከጎርፍ ማዳን ሌላ ሥራ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታም አለ። ችግኙ ከግቢያችሁ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ተተክሎ ከጸደቀ አፈር ይይዛል፤ ውሃውም ወደ መሬት እንዲሰርግ ያደርጋል። ስለዚህ ስንት ተከልን ከሚለው ይልቅ የት ተከልን፣ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ይበልጣል። መስከረም ላይ ተመልሶ የሚቆጥር ሰው መድቡ።

መንግሥት ያወጣው ሰነድ አለ? የቱን እናንብብ?

አለ። መነሻው በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ነው። እሱ በአብዛኛው የሚያወራው የበካይ ጋዝ ልቀት እየቀነሱ ስለ ማደግ ነው። ለናንተ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የማጣጣም (የመላመድ) ዕቅድ ነው፤ ባለሙያዎቹ «ናፕ» ይሉታል። ውስጡ 18 የማጣጣሚያ አማራጮች አሉ። የመጠጥ ውሃ፣ ጤና፣ ከተማ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪ፣ ቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም ተነክተዋል። የራሳችሁን ዘርፍ የሚመለከተውን ክፍል አንብቡና በዕቅዳችሁ መግቢያ ላይ ጥቀሱት። በጀት ወይም ድጋፍ ስትጠይቁ ጥያቄያችሁ ከአገሩ ዕቅድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያሳያል።

ናፕ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ አንድ ክሊኒክ ሰኞ ጠዋት ምን ይሥራ አይልም። ለዚያ የሚጠጋው አይሶ 14090 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል፤ ማንኛውም ድርጅት ዕቅዱን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ያሳያል። አይሶ 14091 ደግሞ ስጋትን እንዴት መገምገም እንደሚቻል ይናገራል። በሌላ አገር የተሠራበትን ማየት ለፈለገ የእንግሊዝ ልምድ ጥሩ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ መሠረት መንግሥት የውሃ፣ የመብራትና የባቡር ድርጅቶችን «ምን ስጋት አለባችሁ? ምንስ እያደረጋችሁ ነው?» ብሎ ሪፖርት መጠየቅ ይችላል። ሁለቱ ጥያቄዎች ለኛም ይበቃሉ።

ሕግ ያስገድደናል?

ናፕ የተጻፈው ለዘርፎችና ለክልሎች ነው፤ እያንዳንዱ ሱቅና ትምህርት ቤት ሞልቶ የሚያስገባው ፎርም አይደለም። ነገር ግን ሕጉ በሌላ በር ይመጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ትልልቅ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት እንዲገመገሙ ያዛል። ማስፋፊያ የምታስቡ ፋብሪካዎች፣ ግምገማው ላይ ጎርፍና ሙቀትን አብራችሁ አስገቡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሼድ ውስጥ በሙቀት የሚወድቅ ሠራተኛ የአየር ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ማስገደጃ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም ብዬ አምናለሁ። ጎርፉ ደብዳቤ አይጠብቅም።

ደሴና ኮምቦልቻ ተቀራራቢ ናቸው። አንድ ዕቅድ ለሁለቱም አይሠራም?

አይሠራም። በሁለቱም ከተማ ቅርንጫፍ ያላቸው ድርጅቶች አንዱን ዕቅድ ኮፒ አድርገው ስሙን ብቻ ይቀይራሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ቁልቁለቱ ብዙ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ትወርዳለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለያይ በሁለቱ መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ደሴ ላይ በጋቢ የወጣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚያወልቀው ለዚህ ነው።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል የተሰራች ናት። ዋናው ፈተናዋ ተዳፋት ነው፤ ከላይ የሚወርድ ውሃ፣ የሚንሸራተት መሬት፣ የሚሰነጠቅ ግንብ። ኮምቦልቻ ደግሞ በኮረብታ የተከበበች ሜዳ ነች። እዚያ ውሃው ይተኛል፤ ሙቀቱ ይከብዳል፤ ወባም አለ። ስለዚህ ደሴ ያለው ቅርንጫፍ ስለ ድጋፍ ግንብና ስለ ቦይ ሲያስብ፣ ኮምቦልቻ ያለው ስለ ወለል ከፍታ፣ ስለ አየር ማስገቢያና ስለ አጎበር ማሰብ አለበት።

አንድ የሚጋሩት ትልቅ ነገር ግን አለ፤ ቦርከና። ወንዙ ደሴን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ ወርዶ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ጨፋ ረግረግ ይሄዳል። ደሴ ላይ ቦይ ውስጥ የተጣለ ፌስታል ኮምቦልቻ ድልድይ ሥር ይቆማል። በሁለቱም ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ይህን የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ዕቅዱ ላይ ጻፉት።

ባለሙያ የለንም። ከየት እንጀምር?

ከዘበኛው። ቀልድ አይደለም። ሌሊት ውሃ በየት እንደሚገባ፣ የትኛው አጥር እንደሚያጋድል፣ መብራቱ በየትኛው ዝናብ እንደሚጠፋ የሚያውቀው እሱ ነው። ቀጥሎ የጥገና ሠራተኛውንና የጽዳት ሠራተኞቹን ጠይቁ። የሰፈሩን ቅሬ (ዕድር) ሽማግሌዎችም ጋብዙ፤ ግቢያችሁ ከመሰራቱ በፊት ቦታው ምን እንደነበር፣ ውሃው ድሮ በየት ይሄድ እንደነበር ይነግሯችኋል። ውሃ የድሮ መንገዱን አይረሳም። ጅረት ተደፍኖ የተሰራ ቤት ካለ የሚታወቀው በሽማግሌ ነው እንጂ በካርታ አይደለም።

የሰማችሁትን በአንድ ሠንጠረዥ አስገቡት። አራት ዓምድ ይበቃል፤ መቼ ሆነ፣ ምን ሆነ፣ ሥራ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ስንት ብር ወጣ። ያለፉትን 10 ዓመታት ለማስታወስ ሞክሩ። ቀኑ ባይታወስ «የፈተና ሰሞን»፣ «የአረፋ ዋዜማ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቆይቶ ይጣራል። ይህ ሠንጠረዥ ከማንኛውም ውድ ጥናት በፊት መምጣት አለበት። የትኛው ስጋት እንደሚጎዳችሁ በብርና በሰዓት ያሳያል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ነገር የመቆሚያውን ልክ ፈልጉ። ከየትኛው ልክ ሲያልፍ ነው ሥራ የሚቆመው? አንድ የኮምቦልቻ ክሊኒክ እንውሰድ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ብዙ ሌላ መድኃኒት ደግሞ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ግን መጋዘኑ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲነበብ ሁሉም ደህና ይመስላል። ቴርሞሜትሩ መነበብ ያለበት ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ያውም የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር። ንባቡ ግንቦትና ሰኔ ላይ ልኩን የሚያልፍ ከሆነ ስጋቱ የወደፊት መሆኑ ቀርቷል፤ ዛሬ ነው።

የአየር ጠባይ መረጃ ከየት እናገኛለን?

ከኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት። ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ከየወቅቱ በፊት ትንበያ ያወጣል፤ በየወሩና በየአሥር ቀኑም እንዲሁ። የምሥራቅ አማራ ማዕከሉ ኮምቦልቻ ስለሆነ ርቀት ሰበብ አይሆንም። የድርጅታችሁን ደብዳቤ ይዛችሁ ሄዳችሁ የጣቢያውን የረጅም ዓመት የዝናብና የሙቀት መረጃ ጠይቁ። በዓመት ምን ያህል እንደዘነበ ማወቁ ጥሩ ነው፤ ከሱ በላይ የሚጠቅማችሁ ግን በአንድ ቀን የወረደው ከፍተኛው መጠን ነው። ቦይ የሚሞላው በዓመት አማካይ አይደለም፤ በአንድ ከሰዓት ዶፍ ነው።

ትንበያ ስትሰሙ ኤል ኒኞ የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። ኤል ኒኞ ሲኖር የኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደክማል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነውን ገበሬው ያስታውሰዋል። ገበሬው ሲጎዳ የዱቄት ፋብሪካው፣ የቆዳ ነጋዴውና የትምህርት ቤት ምገባው አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ ትንበያው የገበሬ ብቻ አይደለም።

ዕቅዱ ስንት ገጽ ይሁን?

ለትንሽ ድርጅት አምስት ገጽ ይበቃል። ስጋቱ፣ የመቆሚያው ልክ፣ የሚሠራው ሥራ፣ ባለቤቱ፣ ቀኑ፣ ብሩ። የሰው ስም የሌለበት ሥራ አይሠራም። «የሚመለከተው ክፍል» ብላችሁ አትጻፉ።

ብር የለንም። በጥቂት ምን መሥራት ይቻላል?

ብዙ። መጀመሪያ ቦይ ጥረጉ። የደሴን የግቢ ቦይ ግንቦት ላይ ከፍታችሁ እዩት፤ ከታች ደለል፣ በላዩ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታልና የጫት ገረባ ታገኛላችሁ። ግማሹ ተደፍኗል። ጥርጊያው አካፋ፣ ጋሪና የሁለት ቀን ጉልበት ነው። የወጣውን ደለል ግን ቦዩ ዳር አትከምሩት፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ይህ ስህተት በየዓመቱ ይሠራል፤ መንገድ ላይ ስታልፉ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ ከወለል ላይ ማንሳት ነው። ኮምፒውተር፣ የመብራት ማከፋፈያ፣ ፋይል፣ የዱቄት ጆንያ፣ የክር ካርቶን፣ ሁሉም በእንጨት ርብራብ ወይም በመደርደሪያ ከፍ ይበል። የሰነዶቻችሁን ቅጂ በሌላ ቦታ አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ፋይሉን ያጣ መሥሪያ ቤት ይህን ሁለት ጊዜ ማስረዳት አያስፈልገውም። ለጦርነት የጠቀመ ቅጂ ለጎርፍም ይጠቅማል።

ሦስተኛው የጣሪያ ውሃ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 200 ካሬ ያለው የትምህርት ቤት ብሎክ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,000 ሊትር ነው። አምስተኛው ቢባክን እንኳ 3,200 ሊትር ይቀራል። የኛ አካባቢ በዓመት በአማካይ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። ይህ ሁሉ አሁን በአሸንዳ ወርዶ የጎረቤትን አጥር ይገፋል። አሸንዳ፣ ማጥለያና ሮቶ አድርጉለት። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ እሱን አፍስሱት። ሳታጣሩትና ጀርሙን ሳትገድሉ ለመጠጥ አትጠቀሙበት፤ ለሽንት ቤት፣ ለጽዳትና ለችግኝ ግን እንዳለ ይሆናል። ቧንቧ በወረፋ ለሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ግቢያችን ተዳፋት ላይ ነው። መሬቱ እየተንሸራተተ መሆኑን በምን እናውቃለን?

መሬት አብዛኛውን ጊዜ ከመሄዱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ድሮ ያለችግር ይዘጋ የነበረ በር ክረምት ላይ ይጣበቃል። ግድግዳው ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ይወጣል። የመብራት ምሰሶ ወይም ዛፍ ያዘነብላል። ግቢው ላይ ከተዳፋቱ አግድም የሚሄድ፣ እንደ ቅስት የታጠፈ ስንጥቅ ይታያል። ከታች በኩል ድሮ ያልነበረ ምንጭ ይፈልቃል፤ ወይም ድጋፍ ግንቡ ሆዱን ይነፋል።

ስንጥቁን ለክታችሁ መዝግቡ። ጫፉና ጫፉ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ቀኑን አጠገቡ ጻፉ። በሁለቱ ዳር ሚስማር መትታችሁ በመሃላቸው ያለውን ርቀት በየሳምንቱ በማስመሪያ ለኩ። በጋ ላይ ካልተንቀሳቀሰ፣ ክረምት ላይ ግን ከሰፋ ጠላታችሁ ውሃ ነው። ያን ጊዜ ከላይ የሚመጣውን ውሃ በቦይ አዙሩ፤ የሚያፈስ ቧንቧና የሚሰርግ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ አስተካክሉ። ስንጥቁን ራሱን በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑት፤ ካልተደፈነ ዝናቡን ወደ ውስጥ ይጠጣል። የተዳፋቱን እግር ለመኪና ማቆሚያ ብላችሁ አትቁረጡ። ደሴ ውስጥ ብዙ ግንብ የሚወድቀው ከኋላው ውሃ መውጫ ቀዳዳ ስለሌለው ነው። ድንጋዩ ምንም ያህል ቢጠነክር የታቆረ ውሃን አይችልም።

ስንጥቁ በቀናት ውስጥ የሚሰፋ ከሆነ ግን መለካቱን ትታችሁ ሰው አውጡ። ከዚያ ለቀበሌው አስታውቁና መሐንዲስ ይምጣ።

የኮምቦልቻ ሼዳችን በጣም ይሞቃል። ምን እናድርግ?

ከጣሪያው ጀምሩ። ሙቀቱ የሚገባው በቆርቆሮው ነው። ነጭ ቀለም መቀባት፣ ከሥሩ መከላከያ ማልበስ፣ በጣሪያው ጫፍ ላይ የሞቀው አየር የሚወጣበት ክፍት ማድረግ፣ ሦስቱም ከኤሲ ይረክሳሉ። መብራት ሲጠፋም ይሠራሉ። ከዚያ የሥራ ሰዓቱን እዩ። ከባዱን ሸክም ጠዋት አድርጉት። ውሃ ማሽኑ አጠገብ ይኑር እንጂ ሠራተኛው ፈቃድ ጠይቆ የሚሄድበት ቦታ አይሁን። በጾም ወራት፣ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም፣ ፈረቃውን ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግራችሁ አስተካክሉ።

ወባን አትርሱ። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ቦታ በልማድ ከወባ ነጻ ይባል ነበር። ሙቀቱ ሲጨምር ያ ወሰን ሽቅብ ይወጣል። ኮምቦልቻ ድሮም ከወሰኑ በታች ናት። ስለዚህ ክረምት ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ሠራተኛ የሚቀርበትን ቀን መዝግቡ። የቆመ ውሃ ካለ ግቢው ውስጥ አድርቁ፤ የሌሊት ዘበኞች አጎበር ይኑራቸው። የሮቶዎቹም ክዳን ይዘጋ።

መንገዱ ቢዘጋስ?

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ዳገት ላይ ናዳ ቢወርድ ወይም መኪና ቢገለበጥ ሁሉም ነገር ይቆማል። የሦስት ቀን ስንቅ ይኑራችሁ። ሆስፒታል ከሆናችሁ ኦክስጅንና ነዳጅ፣ ዳቦ ቤት ከሆናችሁ ዱቄት። ሌላው ከተማ የሚኖር ቁልፍ ሠራተኛ ካላችሁ ተተኪ አሠልጥኑ።

ኢንሹራንስ አለን። ስጋቱ ተሸፈነ ማለት ነው?

ውሉን አውጡና አንብቡ። የእሳት ኢንሹራንስ ያለው ሁሉ የጎርፍም ያለው ይመስለዋል። ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። ኢንሹራንስ የሚከፍለው ደግሞ የተበላሸውን ዕቃ ነው፤ የጠፋ የፈተና ወረቀት ወይም የሄደ ደንበኛ አይመልስም።

በጀቱ ሲጸድቅ ክረምቱ ገብቷል። እንዴት እናድርግ?

ይህ የብዙ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት እውነተኛ ችግር ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ገንዘቡ ተለቆ፣ ግዢው ተጠርቶ፣ ኮንትራክተሩ ሲመጣ ነሐሴ ይሆናል። ቦዩ የሚቆፈረው ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው አንድ ዓመት ቀድሞ ማሰብ ነው። የዘንድሮው በጀት ለሚቀጥለው ክረምት እንደሆነ አድርጋችሁ ያዙ። ክረምቱ እንዳለፈ፣ መስከረም ላይ፣ ጉዳቱ ከዐይን ሳይጠፋ ዝርዝሩን ጻፉ። ግዢውን እስከ ታኅሣሥ ጨርሱ። ግንባታውን ጥርና የካቲት ላይ ሥሩ፤ የበልጉን ዝናብ ግን አስቡ፣ እኛ ጋ የካቲት መጨረሻ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ለግንቦት የሚቀረው ጥርጊያ ብቻ ይሁን። ኃላፊው ቢቀየር እንኳ ሥራው እንዳይጠፋ ዝርዝሩ ዓመታዊ ዕቅዱ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ርክክብ ሲደረግም ከንብረት ዝርዝሩ ጋር ይፈረምበት።

ሳይንቲስቶቹ ዝናቡ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል በሚለው አይስማሙም። ታዲያ በምን እንወስን?

ሙቀቱ እንደሚጨምር ይስማማሉ። የማይስማሙት በዓመት በሚወርደው ጠቅላላ የዝናብ መጠን ላይ ነው። ዝናብ ሲወርድ ግን ይበልጥ በኃይል የመውረዱ ነገር ጠንካራ መሠረት አለው። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል። ስለዚህ ድርቅ በበዛበት ዓመት ውስጥም የአንድ ቀን ዶፍ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ለሁለቱም ተዘጋጁ፤ ሮቶውም ቦዩም ያስፈልጋል።

ውሳኔውን የሚያቀልለው የምትሠሩት ነገር ዕድሜ ነው። አሸንዳ በጥቂት ዓመት ይቀየራል፤ አሁን በሚታየው ልክ ብትገዙት ስህተቱን ማረም ትችላላችሁ። ከሕንጻ ሥር የሚያልፍ ቱቦ ግን ለ40 ዓመት ይቀመጣል። እሱን በትናንት ዝናብ ልክ መሥራት አደጋ ነው። በግንባታ ወቅት አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ቱቦ መግዛት የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው፤ በኋላ ወለል ሰብሮ መቀየር ግን ብዙ ብር ይበላል። ረጅም ዕድሜ ላለው ነገር ለመጥፎው ቀን ሥሩ። አጭር ዕድሜ ላለው ነገር ለአሁኑ ሥሩና ሲቀየር እዩት።

ግንብ ሠርተን ጎርፉን ብናዞረውስ?

ወዴት? ይህን ሳትመልሱ አትሥሩ። ብዙ ግንብ አንዱን ግቢ አድኖ ውሃውን ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት ወደ ታችኛው ቤት ይልካል። ተዳፋት ላይ በተሠራ ከተማ ሁሌም ከበታችሁ ሰው አለ፤ እናንተም ከላይ ላለው ሰው የታች ናችሁ። ወንዝ ዳር ያለ ድርጅት ዳርቻውን በግንብ ሲያጠብ ደግሞ ውሃው ከማዶ ያለውን ዳርቻ ይበላል።

ግንብ ከመሥራታችሁ በፊት ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች አንድ ላይ አስቀምጡ። ቅሬው ይህን ሥራ ይችላል፤ ሰው ሲሞት የሚሰበሰበው ያው ሰው ነው። አንድ ግቢ ውሃውን ለብቻው ከሚገፋ ከላይ ያለው ትምህርት ቤት የጣሪያውን ውሃ ቢያጠራቅም፣ መሃል ያለው ጋራዥ ቦዩን ቢከፍት፣ ከታች ያለው ሆቴል መውጫውን ቢያሰፋ ውጤቱ ይበልጣል። ወጪውም ይከፋፈላል። ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ለከተማው ማዘጋጃ ቤትም ግልባጭ ይግባ፤ ዋናው ቦይ የማዘጋጃ ቤቱ ነውና።

ቦታውን መልቀቅ ያለብን መቼ ነው?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ሰው በላቡ የሠራውን ግቢ፣ ልጆቹን ያስተማረበትን ትምህርት ቤት ልቀቅ ሲባል ያማል። ስለዚህ ጥያቄው በጎርፍ ሌሊት አይነሳ። በረጋ ጊዜ፣ በጋ ላይ፣ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ ልኩን ይወስን። ለምሳሌ፦ ስንጥቁ በአንድ ክረምት ከዚህ ቁጥር በላይ ከሰፋ ያንን ብሎክ እንዘጋለን። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወለል ላይ ውሃ ከገባ መጋዘኑን እናዛውራለን። ለጥገና ያወጣነው ብር ሲደመር የአዲስ ቦታን ግማሽ ከደረሰ ጥገና እናቆማለን። ቁጥሩን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ዋናው አስቀድሞ መጻፉ ነው።

ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ብቸኛው አማራጭም አይደለም። አደገኛውን ጥግ ሰው ለማያድርበትና ለማይቀመጥበት ነገር ማዋል ይቻላል፤ መማሪያ ክፍሉን ወደ ላይ አውጥቶ ቦታውን የአትክልት ማሳ ማድረግ ይቻላል። የታመመ ሰው የሚተኛበት ክፍልና የሕፃናት ክፍል ግን መጀመሪያ ይነሱ። ለከተማው አስተዳደር ምትክ ቦታ ስትጠይቁ የስንጥቁን ልኬት፣ የአራት ዓምዱን ሠንጠረዥ፣ ቀን የተጻፈባቸውን ፎቶዎችና የመሐንዲሱን ሪፖርት አያይዙ። ቀን ያለው ማስረጃ የያዘ ማመልከቻ በቀላሉ አይገፋም።